የኮርቻው ሆድ

በማዳበሪያ ከረጢት ኮርቻ ጠቅልዬ፣
ለኔም ለሱም ብዬ የሁለት ሰው ከፍዬ፣
ከሱሉልታ ወረድኩ፣ አዲሱ ገበያን አልፌ፣
የኮርቻ ሰፊውን ስም መዳፌ ላይ ጽፌ።
ረዳቱ ሳቀብኝ፣ «ፈረሱስ የት አለ?
በሚቀጥለው ታክሲ ይመጣል ወይ?» እያለ።

ፒያሳ ደረስኩኝ። ሱቁ የነበረበት
የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣ መብራት ተተክሎበት።
ሎተሪ አዟሪ ጠየቅሁ። ጥርሱን እየፋቀ
«ጋሽ እጅጉን?» አለኝ፤ ራሱን ነቀነቀ።
«ጃንሜዳ ነው ያለው፣ ከአጥሩ ጀርባ ነው በሩ፤
የቆዳ ሽታ ነው የቤቱ ቁጥሩ።»

አገኘሁት። ጠባብ ቤት፤ ወስፌ፣ ጅማት፣ ሰም፣ ጉጠት፤
ግድግዳው ላይ ግን ግላስ፣ ቀይ ከፋይ፣ ወርቅ የተጠለፈበት፣
መርገፉ ነፋስ ሳይኖር የሚንቀጠቀጥ።
ዐይኔ እዚያው ቀረ። «ይኼ ስንት ነው?» አልኩት።
ቀና ብሎም አላየኝ።
«እሱ ለፎቶ ነው፤ ለሙሽራ አከራየዋለሁ።
ፈረስ ካለሽ ግን ቁጭ በይ፣ ሌላ አሳይሻለሁ።»

ሁለት ኮርቻ አወጣ። ሁለቱም ዋንዛ፣ ሁለቱም ጠይም።
«የቱ ይሻላል?» አለኝ። ባይ፣ ባይ፣ ልዩነት የለም።
ገለበጣቸው።
«እጅሽን ስጪኝ። ዐይንሽን ጨፍኚ።
ሆዱን ዳሺው። አሁን እንደ ፈረስ ሁኚ።»

ዳሰስኩ። ባንዱ ላይ ጣቴ ተንሸራቶ ሄደ።
በሌላው፣ ከስፌቱ ሥር፣ የሆነ ነገር ከለከለው፤
አንዲት ቋጠሮ፣ ምስር የምታህል።
«ጫንጮ እስክትደርሺ» አለኝ፣ «እቺ ምስር ባቄላ ናት፤
ስትመለሺ ቁስል። እንስሳ አፍ የላት፣ ማን ይናገርላት?
ሰው በዐይኑ ይገዛል፤ ጀርባ ነው የሚከፍለው።»

(እኔም ባል የመረጥኩት፣ አልኩ በልቤ፣ በግላሱ፤
ሰባት ዓመት ወሰደብኝ ምስሩ ላይ ለመድረሱ።)

ከከረጢቱ አሮጌዬን አወጣሁ። ተቀበለው፣
ወደ መስኮቱ ወሰደ፣ አሸተተው፣ በጥፍሩ ጫረው።
«ፈረስሽ በግራ ጎኗ ትቆስላለች።»
«አዎ።»
«ግራ እግርሽ አጭር ነው።»
ዝም አልኩ።
በሱሪ የሸፈንኩትን፣ ሐኪም ያልነገረኝን ነገር፣
በላብ ከጠቆረ ቆዳ ላይ አነበበው፣ እንደ ደብዳቤ፣ በግርድፉ ሳይሆን መስመር በመስመር።
ስምንት ዓመት ሙሉ ላም ስነዳ፣ ጥጃ ስፈልግ፣ አጥር ስዞር፣
እኔ ያልተናገርኩትን ዳማ በጎኗ ስትናገር!
«ጥፋቱ የኮርቻው አይደለም» አለ፣ «ያንቺም አይደለም፤
እርካቡን ያስተካከለልሽ አልነበረም ማንም።»

«አዲሱስ ስንት ነው?» አልኩ። የጠራው
የሁለት ወር ወተት ነው።
ተከራከርኩ። አልተከራከረኝም፤ ወስፌውን ሰም ቀባው።
«ደግሞም ዛሬ አልሸጥልሽም። እሷን ይዘሻት ነይ።»
«እዚህ? መሐል ከተማ?»
በአጥሩ ቀዳዳ አገጩን ቀሰረ፦ «ሜዳውማ ይኸው፤
የጎደለው ፈረሱ ነው።»

እሑድ ንጋት መጣን። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሐል፣ በሽሮ ሜዳ፣
እኔ በእግሬ፣ ዛቧን ይዤ፤ የቆሰለ ጀርባ አይነዳ።
ስድስት ኪሎ ላይ ታክሲ ቆሞልን፣ ያ ረዳት፣ ያው ራሱ፣
በመስኮት ግማሽ ወጥቶ፣ እጁን እያወናጨፈ፣
«መጣች! በሚቀጥለው ታክሲ ያልኳችሁ!» ብሎ ለፈፈ።
ዳማ ጆሮዋን ቀሰረች እንጂ አልደነገጠችም።

ጋሽ እጅጉ ከቤቱ ወጣ። መጀመሪያ መዳፉን
በትንፋሹ አሞቀ። ከዚያ ነካት።
የመብራት ሽቦ ጀርባዋ ላይ አጎበጠ፣ በቀስታ፣
ትከሻዋ ጋ አንዴ፣ ወገቧ ጋ አንዴ፣
ካርቶን ላይ አሳረፈው፤ በእርሳስ ተከተለው።
የወጣው መስመር አሁን የወረድነውን ተራራ መሰለኝ።
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፤ ዝቅ ብሎ ጫማዬን አየ።

«አሁን ደግሞ አንቺ» አለ። «ጫማሽን አውልቂ።»